ሁለት ሚሊ ሜትር ለምን ያከራክራል? የሞዴል ባቡር አፍቃሪዎች አዲስ ሎኮሞቲቭን የሚመዝኑበት መንገድ

በብሪታንያ አንድ የሞዴል ባቡር ድርጅት አዲስ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ባወጣ ቁጥር በአፍቃሪዎቹ ዘንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ የመስኮቱ ጠርዝ ወፍሯል ይላል፣ ሌላው ቢጫው ቀለም ፈዟል ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ "ፊቱ አልመጣም" ብሎ ይደመድማል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ነገሩ በልጆች መጫወቻ ላይ የሚደረግ ጭቅጭቅ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን፣ የሰውን ሥራ እንዴት እንደምንተች፣ የትኛው ስህተት ይቅር እንደሚባልና የትኛው እንደማይባል የሚያሳይ ክርክር ነው። ይህ ደግሞ ለምሕንድስና ተማሪም፣ ለልጁ ሞዴል ባቡር ለመግዛት ለሚያስብ ወላጅም ይጠቅማል።

ለምሳሌ "ክላስ 47" የሚባለውን የብሪታንያ ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1968 ድረስ 512 ሎኮሞቲቮች ተሠርተዋል፤ የሚበዙት በሎፍቦሮ ከተማ በብራሽ ፋብሪካ፣ የቀሩት በክሩ ከተማ የባቡር ፋብሪካ ነው። በውስጡ ያለው የሱልዘር ናፍጣ ሞተር ጎማዎቹን በቀጥታ አያዞርም። ሞተሩ ጄኔሬተር ያንቀሳቅሳል፣ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ጎማዎቹን የሚያዞሩት በዚያ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሌሎች ሞተሮች ናቸው። ክላስ 47 መንገደኛም ጭነትም ሲጎትት ስለኖረ፣ በልጅነታቸው ጣቢያ ላይ ቆመው የሎኮሞቲቭ ቁጥር እየመዘገቡ ያደጉ ሰዎች መልኩን እንደ ጎረቤት ፊት ያውቁታል። ስለዚህ ሞዴሉ ሲወጣ ዳኛው ብዙ ነው።

በብሪታንያ በብዛት የሚሸጠው የሞዴል መጠን "ኦኦ" ይባላል። ይህም ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው 76.2 ጊዜ ያንሳል። እውነተኛው ክላስ 47 ርዝመቱ 19.4 ሜትር ገደማ ነው፤ ሞዴሉ 25 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። የእውነተኛው ወርድ 2.79 ሜትር ስለሆነ፣ የሞዴሉ ወርድ 36.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ማስመሪያ ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው። ሄልያን የተባለው የዴንማርክ ድርጅት የመጀመሪያውን የክላስ 47 ሞዴሉን ካወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሞዴሉ ከባድ ነበር፣ ሞተሩ ጠንካራ ነበር፣ ሁሉንም ጎማዎች ስለሚያዞር ረጅም ባቡር ሳይንገዳገድ ይጎትት ነበር። አፍቃሪዎቹ ግን ሲለኩት ወርዱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል በልጦ አገኙት። 2 ሚሊ ሜትር በእጅ ሲይዙት ኢምንት ነው፤ ወደ እውነተኛው መጠን ሲመለስ ግን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እውነተኛውን ሎኮሞቲቭ በቅጽል ስሙ "ዳፍ" ይሉት ስለነበር፣ ይህን ሞዴል "ቦርጫሙ ዳፍ" እንደማለት ያለ ስም አወጡለት።

አስተያየቱ ያኔ ለሁለት ተከፈለ። ባቡር ማስኬድ የሚወዱት "በደንብ ይሄዳል፣ በደንብ ይጎትታል፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ማን ያየዋል?" አሉ። መልኩን የሚያስቀድሙት ደግሞ "ከሌላ ሞዴል አጠገብ ሲቆም ወዲያው ያስታውቃል፤ ወርዱ ሲሰፋ የፊቱ መስኮቶችም ልካቸው ይዛባል" አሉ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነው። ልዩነታቸው ስለ ልኬቱ ሳይሆን ሞዴሉ ለምን እንደተገዛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የኦኦ ሞዴሎች ሁሉ የሚሄዱበት ሐዲድ ራሱ ልክ አይደለም። በብሪታንያም ሆነ በእስራኤል በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። (ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ለገሀር ይደርስ የነበረው አሮጌው ባቡር ግን 1 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ነበር የሚሄደው።) 1435 ለ76.2 ሲካፈል 18.83 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የኦኦ ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ማለትም ከሚገባው በ2.3 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ታዲያ ከላይ በ2 ሚሊ ሜትር የሚቆጣ ሰው፣ ከታች 2.3 ሚሊ ሜትርን እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል?

መልሱ በታሪኩ ውስጥ አለ። 16.5 ሚሊ ሜትር የሌላው አውሮፓና የአሜሪካ ሞዴሎች መጠን ለሆነው ለ"ኤችኦ" ትክክል ነው። የብሪታንያ ባቡሮች ግን ከአውሮፓ ባቡሮች ጠበብ ያሉ ስለሆኑ፣ የዚያን ዘመን የሞዴል ሞተር በዚያ መጠን በተሠራ የብሪታንያ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ለማስገባት አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱን እንዳለ ትተው የሎኮሞቲቩን አካል አተለቁት። ስህተቱ ከቸገረ ነገር የመጣ ነው፤ በኋላም የሁሉም የጋራ ስምምነት ሆነ፤ የአንዱ ድርጅት ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስምምነት ያልተቀበሉ ጥቂት አፍቃሪዎች በ18.83 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሠራ የራሳቸው ደረጃ አላቸው፤ ዋጋው ግን ብዙ ነገር በገዛ እጅ መሥራት ነው። የአካሉ መስፋት ግን ማንም ያልተስማማበትና ለማንም ያልጠቀመ ስህተት ስለነበር ይቅርታ አላገኘም።

ሁለተኛው የቁጣቸው ምክንያት የአሠራሩ ነው። የሞዴሉ አካል የሚሠራው የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ሞልድ ውስጥ በግፊት እየገባ ነው። ሞልዱን ማሠራት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ያንኑ ቅርጽ ደጋግሞ ያወጣል። በሞልዱ ውስጥ ያለ ስህተት ከእያንዳንዱ ሞዴል ጋር አብሮ ይወለዳል። ድርጅቶች ዛሬ ሞልዱ ሳይቆረጥ የኮምፒውተር ንድፉን፣ ከዚያም ያልተቀባውን የመጀመሪያ ናሙና ለሕዝብ የሚያሳዩት ለዚህ ነው። በዚያ ጊዜ የተሰጠ ትችት ሊያርም ይችላል፤ ዕቃው ሱቅ ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ ትችት ግን የሚጠቅመው ለገዢው ብቻ ነው።

በቅርብ ዓመታት ሄልያንም፣ ተፎካካሪው ባክማንም ክላስ 47ን ከመሠረቱ እንደገና ሠርተውታል። አሁን አስተያየቱ ወደ ሌላ ነገር ዞሯል። አንደኛው ዘመኑ ነው፦ እውነተኛው ሎኮሞቲቭ በአሥርት ዓመታት አገልግሎቱ ብዙ ተለዋውጧል፤ ለምሳሌ በፊቱ ላይ የባቡሩን ኮድ ያሳይ የነበረው ሳጥን አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቀር ተሸፍኖ በቦታው ሁለት መብራቶች ገቡ። ስለዚህ ቁጥሩ፣ ቀለሙና ፊቱ የአንድ ዘመን መሆን አለባቸው። ሁለተኛው ስስነቱ ነው፦ እንደ ፀጉር የቀጠኑት መያዣዎች መልኩን ያሳምሩታል፣ በልጅ እጅ ግን ይሰበራሉ። ሦስተኛው ዋጋው ነው፦ የሞተር ድምፅ የሚያሰማው ዓይነት ከ200 ፓውንድ በላይ ነው። የበፊቱ ሞዴል ፍጹም አልነበረም፤ ግን ብዙ ሰው ሊገዛው ይችል ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህም ቀላል ክርክር አይደለም።

እንግዲህ የአፍቃሪዎችን አስተያየት ሰምቶ ለመወሰን የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። መጀመሪያ፣ ተናጋሪው ዕቃውን ይዞታል ወይስ ፎቶውን ብቻ ነው ያየው? ካሜራ ትንሽ ዕቃን በጣም ቀርቦ ሲያነሳ የፊተኛው ክፍል ከኋለኛው በላይ ይገዝፋል፤ "ፊቱ አብጧል" የሚለው ትችት አንዳንዴ የሌንሱ ጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ ያመሳከረው ከምን ጋር ነው? ከፋብሪካ ንድፍ፣ በሙዚየም ካለ ሎኮሞቲቭ ወይስ ከልጅነት ትዝታ? ትዝታም ዋጋ አለው፤ ግን እንደ ልኬት አይቆጠርም። ሦስተኛ፣ ሞዴሉን ለምን ይፈልገዋል? በመስታወት ሣጥን ለማስቀመጥ፣ ጠባብ ኩርባ ባለው ሐዲድ ላይ ለማስኬድ ወይስ ከልጆቹ ጋር ለመጫወት?

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያለፈ ትችት ንድፍ አውጪው ቢሰማው ይጠቀማል፣ ገዢውም ገንዘቡን አይከስርም። "አልወደድኩትም" ብሎ የሚያበቃ ሰው ስሜቱን ነገረን። "ወርዱ 36.6 መሆን ሲገባው 38.6 ነው፣ የሚያስገድደውም ምክንያት አልነበረም" የሚል ሰው ግን ለቀጣዩ ሞዴል መሠረት ጣለ።