ያውቁ ኖሯል? ዓሣ ነባሪ ጎጃም ውስጥ ዘመድ አለው

ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ በሥጋ የሚቀርበው ጉማሬ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶች ሁለቱን ከአንድ ግንድ አገናኟቸው። የተለያዩት ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የአንደኛው ዘር ጨርሶ ባሕር ገባ፤ የሌላው ከወንዝና ከሐይቅ ዳር ቀረ። እናም በጾመ ነነዌ የዮናስን ታሪክ እየሰማ ያደገ የደብረ ማርቆስ ሰው የዚያን ዓሣ አንበሪ ወገን ለማየት ባሕር መሻገር የለበትም። ባሕር ዳር ድረስ ከሄደ ጣናና ዓባይ ያሳዩታል።

ይህ የዓሣ ነባሪ ዘመድ ግን ዋና አይችልም። ሰውነቱ ከባድ ስለሆነ አይንሳፈፍም፤ የውኃውን ወለል በእግሩ እየረገጠና እየተስፈነጠረ ይሄዳል። ትንፋሹን አምስት ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ሳለ እንኳ ሳይነቃ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ይመለሳል።

እናቲቱ ስምንት ወር ገደማ ታረግዛለች፤ ብዙውን ጊዜ የምትወልደውም ውኃ ውስጥ ነው። ግልገሉ ጆሮውንና አፍንጫውን ዘግቶ እዚያው ጠልቆ ይጠባል። ዓሣ ነባሪም ልጇን የምታጠባው ውኃ ውስጥ ነው፤ ስሙ ዓሣ ቢያሰኘውም ወልዶ የሚያጠባ፣ በሳንባው የሚተነፍስ እንስሳ ነው።

ጉማሬ አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ሲያጓራ ድምፁ በአየርም በውኃም በአንድ ጊዜ እንደሚጓዝ ያውቁ ኖሯል? ዳር የቆመውም ጠልቆ ያለውም እኩል ይሰማዋል። የጠለቀው ድምፁን የሚቀበለው በታችኛው መንጋጋው በኩል ነው ይባላል፤ ዶልፊንም የሚሰማው በዚሁ መንገድ ነው።

“ጉማሬ ደም ያልበዋል” የሚባለውስ? እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ያንን ቀይ ፈሳሽ መርምረው ደምም ላብም እንዳልሆነ አሳዩ። ቆዳውን ከፀሐይ የሚጋርድ፣ ባክቴሪያንም የሚገታ ቀለም ነው። ለአንድ ፀጉር አልባ እንስሳ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የቁስል መድኃኒት ባንድ ላይ ማለት ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንሂድ። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃን ሲወርዱ ከገደሉ ላይ ተነባብሮ የሚታየው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢውን ባሕር ሸፍኖት ስለነበር የኮራልና የቀንድ አውጣ ቅሪት እስከ ዛሬ በድንጋዩ ውስጥ ይገኛል። የዓሣ ነባሪ አጥንት ግን አይፈልጉበት። ያ ባሕር ሲሸሽ ዓሣ ነባሪ ገና አልነበረም፤ ብቅ ያለው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ እሳተ ገሞራ ፈስሶ የድሮውን ባሕር ወለል ቀበረው፤ የጎጃም ደጋ የተቀመጠው በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። የቀበረውን ገልጦ ያሳየን ዓባይ ነው፤ መሬቱን ቆርጦ ቆርጦ።

የዓሣ ነባሪ አጥንት የሚሻ ሰው የዓባይን ውኃ ተከትሎ ግብፅ ይውረድ። ከፋዩም አጠገብ ባለው በረሃ፣ ዋዲ አል ሂታን በሚባለው ስፍራ፣ ትንንሽ የኋላ እግሮች የነበሯቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች አጽም አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የቱርካናው ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኬንያ ውስጥ፣ የእኛ ኦሞ ከሚገባበት ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ፣ የ17 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የዓሣ ነባሪ ቅሪት ተገኘ። ቦታው ከውቅያኖሱ 740 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ደግሞ 620 ሜትር ያህል ነው። ዓሣ ነባሪው ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ ሲዋኝ መመለሻው ጠፍቶት የሞተ ይመስላል። ቅሪቱ አሜሪካ ተወስዶ ለአሥርት ዓመታት የት እንደገባ ሳይታወቅ ቆየ፤ በ2011 ተገኘ፤ በ2015 ጥናቱ ታተመ። ዓሣ ነባሪ ተራራ ስለማይወጣ፣ ያኔ አገሩ ዝቅ ያለ እንደነበርና ወደ ላይ የተነሣው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ከዚሁ አንድ እንስሳ አወቁ።

ጥበቃውን በተመለከተ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ቀይ ባሕርን ጨምሮ ዓሣ ነባሪን ለንግድ ማደን የተከለከለበት ክልል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በዓለም ዙሪያ ለንግድ ማደን እንዲቆም የተወሰነው በ1982 ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው በ1986 ነው። ውሳኔውን ባሳለፈው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ውስጥ የባሕር በር የሌላት ሞንጎሊያ ሳትቀር አባል ናት። ኢትዮጵያ አይደለችም።

ጉማሬንም ማደን በጣና ዳር የቆየ ሙያ ነበር። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል በሠሩት ታንኳ እየቀዘፉ በጦር ያድኑት፣ ሥጋውንም ይበሉት ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት የራቋቸው በዚህ ሰበብ ጭምር ነው። የሚገርመው፣ ሥጋውን የተጸየፈው ሰው ከቆዳው የተሠራውን አለንጋ ይዞ ለመሄድ አለመጸየፉ ነው። ዛሬ ጉማሬን የሚያሰጋው ከአዳኝ ይልቅ የዳርቻው መታረስ ይመስለኛል። ቀን ውኃ ውስጥ የዋለ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወጥቶ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይበላል። ሣሩ ታርሶ ሰብል ከተዘራበት ሰብሉን ይበላል፤ ገበሬውም ዝም ብሎ አያይም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 የዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል፤ ለጉማሬው ትርጉም የሚኖረው ግን ከውኃው ዳር ጥቂት ሣር ሳይታረስ ሲቀርለት ነው።

ሊያዩት ከሄዱ፦ በብዙ አገር ጀልባ ወደ ዓሣ ነባሪ ከ100 ሜትር በላይ እንዳይጠጋ ይከለከላል። ከጉማሬም ይራቁ፤ የጀልባ ነጂው ፎቶ እንዲያነሡ ብሎ “ልጠጋልዎ?” ቢል እምቢ ይበሉ። በእግር ከሆኑ ደግሞ በእሱና በውኃው መካከል አይግቡ። የደነገጠ ጉማሬ የሚሸሸው ወደ ውኃው ነው፤ መንገዱ ላይ የቆመውን ሰው አይዞረውም።