የድንጋይ መታጠቢያን የሚጎዳው እድፉ ነው ወይስ ማጽጃው?

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ድንጋይ ያውቃል። ወፍጮው፣ የቤቱ መሠረት፣ የእርሻው እርከን ሁሉ ከጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ ባዛልት የሚባለው ዐለት የሰሜን ምዕራብ ደጋ መሠረት ነው፤ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። አሲድም እሳትም ብዙ አያስደነግጠውም። ዛሬ ግን በንፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ ወይም በወገዳ አዲስ ቤት ወይም ሆቴል የሚሠራ ሰው ለእጅ መታጠቢያው እብነ በረድ ሊመርጥ ይችላል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እብነ በረድ ከአገራችን ምርቶች በስም የታወቀው ነው። ይህ ድንጋይ ጠባዩ ከጥቁሩ ድንጋይ ፈጽሞ ይለያል። ውበቱን የሚነጥቀውም ብዙ ጊዜ እድፉ ሳይሆን ለማጽዳት ተብሎ የሚፈስበት ነገር ነው። ስለ አያያዙ በሰፊው የሚታመኑ አምስት ነገሮችን ከእውነታው ጋር እናስተያይ።

ተረት 1፦ «ድንጋይ ነው፤ ምን ይሆናል?»

እውነታው፦ የማዕድናት ጥንካሬ ሞህስ በተባለው መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይመዘናል። የእብነ በረድ ዋና ማዕድን ካልሳይት 3 ላይ ነው። አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ ግን 7 ነው። ስለዚህ በአሸዋ፣ ባልተነፋ አመድ ወይም በብረት ሽቦ የተፈገፈገ እብነ በረድ በጥቃቅን ጭረት ይሞላና አንጸባራቂነቱን ያጣል። ጭረቱ ደግሞ እድፍ ይይዛል።

ከዐለት የተፈለፈለ ሕንፃ እንኳ ጥበቃ ይፈልጋል። ከንፋስ መውጫ በጋሸና በኩል የሚደረስባቸው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዝናብና እርጥበት ዐለታቸውን እየጎዳው ስለመጣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንዳንዶቹ በላይ ትልልቅ መጠለያ ተተክሏል።

ተረት 2፦ «ሎሚና አቼቶ ከተፈጥሮ የመጡ ናቸው፤ አይጎዱም»

እውነታው፦ ሁለቱም አሲድ ናቸው። እብነ በረድ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሲገናኙ ድንጋዩ ይሟሟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። የሚቀረው ደብዛዛ ምልክት እድፍ አይደለም፤ የድንጋዩ ገጽ ራሱ ተበልቶ ነው። በማጠብ አይለቅም፤ ባለሙያ በማሽን እንደገና ማለስለስ አለበት። ለሽንት ቤት የሚሸጠው አሲድማ ይህንኑ ጉዳት በጥቂት ደቂቃ ያደርሳል።

በቧንቧው ዙሪያ የሚጋገረው ነጭ የውሃ ዝቃጭም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዝቃጩን የሚያሟሟ አሲድ ሁሉ ከሥሩ ያለውን እብነ በረድ አብሮ ይበላል። ስለዚህ ዝቃጩ እንዳይጋገር ውሃውን ቶሎ መጥረግ ይሻላል።

ተረት 3፦ «በረኪና የማያስለቅቀው የለም»

እውነታው፦ በረኪና ጀርም ይገድላል፤ ወደ ድንጋዩ የሰረገ ቅባትን ግን አያወጣም። ሲደጋገም ደግሞ የድንጋዩን ገጽ ያደበዝዛል፤ ድንጋዩ እድፍ እንዳይጠጣ የተቀባውን መከላከያም ያዳክማል። በእኛ ቤት መታጠቢያው ላይ የሚቀሩት ዋና እድፎች የጠጉር ቅቤ፣ እንሶስላና ቡና ናቸው።

የቅቤ እድፍ የሚወጣው ተስቦ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ ያቡኩ፤ እድፉ ላይ በወፍራሙ ይለጥፉ፤ በፕላስቲክ ሸፍነው ለ24 ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ ያንሱትና ይጥረጉ። ካልለቀቀ ይድገሙት። ነጭ ድንጋይ ላይ ላለ የእንሶስላ ወይም የቡና እድፍ በውሃው ምትክ ከፋርማሲ የሚገኘውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መጠቀም ይቻላል። ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ቀለሙን ሊያነጣው ስለሚችል አይሞክሩት።

አንድ ነገር ከድንጋዩም በላይ ያሳስባል። በረኪናን ከአሲድ፣ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያስነሳል። በጠባብና በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፤ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። ፈጽሞ አይቀላቅሏቸው።

ተረት 4፦ «መከላከያ ከተቀባ በኋላ ሐሳብ የለም»

እውነታው፦ ቅቡ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብቶ ውሃና ዘይት ቶሎ እንዳይሰርጉ ያደርጋል። የአሲድን ጉዳት ግን አይከላከልም፤ በጊዜ ብዛትም ይደክማል። ለማወቅ ጥቂት የውሃ ጠብታ አድርገው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ከጠብታው ሥር ድንጋዩ ከጠቆረ ውሃ እየጠጣ ነውና እንደገና ይቀባ።

ተረት 5፦ «ግራናይት ተብሎ ከተሸጠ ግራናይት ነው»

እውነታው፦ በገበያ ላይ «ጥቁር ግራናይት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጋብሮ ወይም ከባዛልት ጋር የሚዛመድ ዐለት ነው። እነዚህ ሎሚ ይቋቋማሉ። በግራናይት ስም የሚሸጥ ሌላ ድንጋይ ግን ላይቋቋም ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቁራጭ ይጠይቁ። የሎሚ ጠብታ ያድርጉበትና ከደቂቃዎች በኋላ ይጥረጉት። አረፋ ካወጣ ወይም ደብዛዛ ምልክት ከቀረበት ድንጋዩ አሲድ አይችልም። ቤት ውስጥ ለተገጠመው ደግሞ ይህን ፍተሻ በማይታይ ጥግ ብቻ ያድርጉ።

ታዲያ በየቀኑ ምን ይደረግ?

ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃሉ። ሳሙናው በደንብ ይታጠብ፤ ከዚያ መታጠቢያው በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። የሳሙና፣ የሽቶና የቅቤ ዕቃ በቀጥታ ድንጋዩ ላይ ሳይሆን በሰሃን ላይ ይቀመጥ። ይህ ብዙ ውሃ አይጠይቅም፤ ውሃ በሚያጥርበት ሰሞንም ይቻላል።

በብዙ ቤትና ሆቴል መታጠቢያውን የሚያጸዳው ድንጋዩን የመረጠው ሰው አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ያገኘችውን ማጽጃ ትጠቀማለች፤ ጉዳት ሲደርስም ወቀሳው በእሷ ላይ ይወድቃል። ይህ አግባብ አይደለም። ባለቤቱ የድንጋዩን ዓይነት ይንገራት፤ ተስማሚውን ሳሙናና ጨርቅ ይግዛላት፤ አሲዱንም ከመታጠቢያ ቤቱ ያውጣ።