ስህተት የሚቆጥረው ፖርት

ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ ጭራሽ ሲጠፋ ነገሩ ቀላል ነው፤ የተነቀለ ኬብል ወይም የጠፋ መብራት ይገኛል። የሚያስመርረው እየሠራ ሲያነክስ ነው። የስዊቹ መብራት አረንጓዴ ነው፣ ፒንግም ይመልሳል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን መንቀራፈፍ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ «ኢንተርኔቱ ነው» ተብሎ ጣት ወደ ውጭ ይቀሰራል። ጥፋቱ ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ማኔጅድ ስዊች (በትእዛዝ የሚቃኝና የሚስተካከል) ካለም ተመዝግቦ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ስዊች ለእያንዳንዱ ፖርት የስህተት ቆጣሪ አለው። በሲስኮ ስዊች «ሾው ኢንተርፌስስ» ብሎ ማዘዝ ይበቃል። ከሚወጡት ቁጥሮች ቀድሞ መታየት ያለበት «ሲአርሲ» ነው። ኤተርኔት መረጃ የሚያጓጉዘው ፍሬም በሚባል ጥቅል ሲሆን፣ ላኪው ይዘቱን አስልቶ 4 ባይት ማረጋገጫ መጨረሻው ላይ ያክልበታል። ተቀባዩ ስሌቱን ይደግማል፤ ካልገጠመለት ፍሬሙን ጥሎ ቆጣሪውን በአንድ ከፍ ያደርጋል። እንደገና ይላክልኝ አይልም። ያ ከኤተርኔት በላይ የሚሠራው የቲሲፒ ፕሮቶኮል ሥራ ነው፤ መንቀራፈፉም የሚመጣው ከዚህ ድግግሞሽ ነው።

ልብ በሉ፤ የሚቆጥረው ተቀባዩ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የወጣበት ፖርት ምስክር እንጂ የግድ ጥፋተኛ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፦ ከ100 ሜትር የረዘመ፣ ጫፉ ላይ ጥምዝ ጥንዶቹ ከልክ በላይ የተፈቱ፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሆኖ በመዳብ ስም የተሸጠ። ቀጥሎ በወዲያኛው ጫፍ ያለው የኔትወርክ ካርድ ይታያል። አንዳንድ የዳታ ሴንተር ስዊቾች ደግሞ ፍሬሙን አንብበው ሳይጨርሱ ስለሚያሳልፉት፣ የተበላሸው ፍሬም ብዙ ስዊቾችን አቋርጦ ምንም ባላጠፋ ፖርት ላይ ይቆጠራል።

ከሁሉ ተንኮለኛው ግን የዱፕሌክስ አለመጣጣም ነው፦ «ፉል» መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ፣ «ሃፍ» ደግሞ በየተራ ማለት ነው። አንዱ ወገን በእጅ «100 ፉል» ተብሎ ተቆልፎ ሌላው አውቶ ላይ (በራሱ ተደራድሮ እንዲመርጥ) ቢቀር፣ አውቶው የሚደራደረው ያጣል። ፍጥነቱን ከምልክቱ ይለያል፣ ዱፕሌክሱን ግን በደንቡ መሠረት «ሃፍ» ያደርገዋል። ከዚያ አንዱ ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ሌላው እንዳሻው ይልካል። በሃፉ በኩል «ሌት ኮሊዥን» (የዘገየ ግጭት)፣ በፉሉ በኩል ሲአርሲና ከ64 ባይት ያነሱ ቁርጥራጭ ፍሬሞች ይከማቻሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ኬብል መነካካት አያስፈልገውም። ፖርትን በእጅ ቆልፉ የሚለው የድሮ ምክር ጊዜው አልፎበታል፤ በመዳብ ኬብል የሚሠራው ጊጋቢት ኤተርኔት እንዲያውም ያለ ድርድር አይሆንም። ሁለቱንም ወገን አውቶ ላይ ተዉት።

«አውትፑት ድሮፕ» የሚለው ቁጥር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ፍሬሙ ጤነኛ ሆኖ በፖርቱ መጨናነቅ ምክንያት ተጥሏል ማለት ነው፤ ኬብል ቢቀየር አይፈታም።

ምርመራው የሚጀመረው ቆጣሪውን ዜሮ በማድረግ ነው፤ አለበለዚያ ዛሬ የሚታየው 40 ሺህ ካለፈው ዓመት የተከማቸ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ትልቅ ፋይል እያስተላለፉ የትኛው እንደሚያድግ ማየት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና እንደገና ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ፖርቱን፣ ከዚያ የወዲያኛውን ካርድ። ኬብል ተቀይሮ ቆጣሪው ከቆመ አሮጌውን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጣችሁት አንድ ቀን ሌላ ሰው ይሰካዋል።