በማዳበሪያ የሚወጣ ማዳበሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ቀኑ የሚጀምረው በመጥረጊያ ድምፅ ነው። ፀሐይዋ ሳትከር፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ፣ በየግቢው አሸዋው ይጠረጋል። ሌሊት የረገፈው የኒም ቅጠልና የድሬዳዋ ዛፍ የጠወለገ ቀይ አበባ ጥግ ላይ ይከመራል። ከዚያ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ በማዳበሪያ ታጭቆ ከደጅ ይወጣል። ጆንያውን «ማዳበሪያ» ማለታችን የለመድነው ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እኔም ልብ ያልኩት ዛፍ ካቃጠልኩ በኋላ ነው።

ዛፉ የአክስቴ ነበር፤ ቁመቱ ከእኔ ብዙም ያልበለጠ፣ ለጥላ ብላ የተከለችው የድሬዳዋ ዛፍ። ቅጠሉ ሲገረጣ አይታ «ምን ይሻለዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። የተማርኩ ነኝና አንድ ጣሳ ዩሪያ ገዝቼ ግንዱን ዙሪያውን ነሰነስኩበት፤ ጥቂት ውኃም አርከፈከፍኩበት። ሳምንት ሳይሞላ ደቃቆቹ ቅጠሎች ከዳር ጀምሮ እየተለበለቡ ረገፉ። «አቦ፣ ዛፌን ጠበስሽው እኮ!» አለች። እውነቷን ነው።

የሠራሁትን ስህተት ለመረዳት ከአሸዋው መነሳት ይሻላል። አንድ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱና ሲሶውን በግቢያችሁ አፈር ሙሉ። ውኃ ጨምራችሁ ክዳኑን ግጠሙ፤ ደህና አድርጋችሁ ከበጠበጣችሁ በኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። አሸዋው ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ታች ይቀመጣል። ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ሸክላው ግን ውኃውን እንዳደፈረሰ ያድራል። የአክስቴ ግቢ አፈር ወዲያው ዘጭ አለ። በማግሥቱ ሳየው ከሥር ወፍራም አሸዋ፣ ከላዩ ከጥፍር የሳሳ ደለል፣ ከዚያ በላይ ጥርት ያለ ውኃ ነበር። ይህ አያስገርምም። ከተማዋ የተቀመጠችው በደቡብ በኩል ካሉት ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አምጥቶ ባነጠፈው አፈር ላይ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ሳይሆን አሸዋ የሚታይበት ወንዝ ነው።

የአሸዋ ቅንጣት ስፋቱ ከ0.05 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የሸክላ ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ልዩነታቸው በመጠን ብቻ አያበቃም። ሸክላ ገጹ ላይ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። በስብሶ የጠቆረ የቅጠልና የፍግ ቅሪትም እንዲሁ፤ እንዲያውም ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር ከሸክላው ይበልጣል። አሞኒየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ደግሞ አዎንታዊ ሙል ስላላቸው እዚያ ላይ ይለጠፋሉ፤ ሥሩ በሚፈልጋቸው ጊዜም ይወስዳቸዋል። አፈር ጓዳ ነው ካልን ሸክላና ብስባሽ መደርደሪያዎቹ ናቸው። አሸዋ አራት ግድግዳ ብቻ ያለው ባዶ ክፍል ነው፤ የገባው ዕቃ ሁሉ ወለል ላይ ይወድቃል፣ ወለሉም ቀዳዳ ነው።

አሁን ዩሪያውን እንከተለው። ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እርጥብ አፈር ሲነካ ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። ይህ የሚሆነው እንደ እኔ ላይ ላዩን ተነስንሶ ከሆነ፣ በተለይም ኖራማ አፈር ላይ፣ ጥቂት የማይባለው አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ያ የሚሰነፍጥ፣ ሽንት ሽንት የሚል ሽታ ከአፍንጫችሁ ከደረሰ የገዛችሁት ናይትሮጅን እየበረረ ነው ማለት ነው። የቀረውን አሞኒየም ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ በድሬ ዓይነቱ ሙቀት ይህን ለመጨረስ ሳምንታት ይበቋቸዋል። ናይትሬት ራሱ አሉታዊ ሙል ስላለው ሸክላም ሆነ ብስባሽ አይዘውም፤ ውኃው በሄደበት ይሄዳል።

ወዴት ይሄዳል የሚለውን በጣት መቁጠር ይቻላል። አሸዋማ አፈር ትርፉ ውኃ ከተንጠፈጠፈ በኋላ በውስጡ የሚቀረው ከይዘቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በዚህ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ ቀድሞ የነበረውን ውኃ ከነናይትሬቱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይገፋዋል። የዛፍ ቀጫጭን መጋቢ ሥሮች በብዛት የሚገኙት ደግሞ ከላይኛው 30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ሁለት ጥሩ ዝናብ ይበቃል፤ ማዳበሪያው የዛፉን ደጃፍ አልፎ ሄደ። በባልዲም ቢሆን ያው ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የፈሰሰ 20 ሊትር ውኃ ከ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጋር እኩል ነው።

አልፎ የሄደው ጠፍቶ ቢቀር ኪሳራው የኪስ ብቻ ነበር። ድሬዳዋ ግን የምትጠጣው ከሥሯ ያለውን ውኃ ነው። በከተማዋ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ከፍ ያለ ናይትሬት መገኘቱ የታወቀ ነው፤ ለዚህም በዋናነት የሚነሳው የመጸዳጃ ጉድጓድ እንጂ የግቢ አትክልተኛ አይደለም። ያም ሆኖ መንገዱ ያው መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ሲሆን፣ ይህም በዋናነት የጡጦ ወተት የሚጠጡ ጨቅላዎችን ለመጠበቅ ነው። አሸዋማ በሆነችው የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ፣ ፒኔላስ በተባለው ካውንቲ፣ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ባለው የዝናብ ወቅት ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ሣርና የግቢ ተክል ላይ መጨመር በካውንቲው ደንብ ተከልክሏል። እኛ ብዙዎቻችን «ዝናብ መጣ፣ ማዳበሪያ እንጨምር» የምንለው በዚሁ ወቅት መሆኑ ነው የሚያስቀው።

ታዲያ ማዳበሪያ ሳያገኝ ዛፍ አሸዋ ላይ እንዴት ይኖራል? በቁጠባ ነው። ዛፍ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ካለበት ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉን መልሶ ወደ ቅርንጫፉ ይስባል፤ ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነውም አረንጓዴው ነገር እየፈረሰ ስለሚወሰድ ነው። የቀረው ግማሽ፣ ካልሲየሙም ሳይነካ፣ ከቅጠሉ ጋር መሬት ይወድቃል። እዚያ ፈንገስ፣ ባክቴሪያና ትላትል ቀስ እያሉ ይፈቱታል፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በወራት። ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ በ1885 እ.ኤ.አ. «ማይኮራይዛ» ብሎ የሰየመው የፈንገስና የሥር ሽርክና ደግሞ ከሥሩ በላይ ርቆ በቀጫጭን ክሮቹ የተፈታውን ይለቅማል። ሥሩ የሚከፍለው በስኳር ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የገባ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ የሚረግጠው መሬት ለስላሳና ጥቁር ነው፣ ለዛፎቹም ዩሪያ የነሰነሰላቸው የለም።

በየጠዋቱ የምንጠርገው ይህን ስንቅ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ከባቄላ ቤተሰብ ነውና ናይትሮጅኑን ከአየር ይወስዳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ባቄላ ሥሩ ላይ የሚያወጣው፣ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት እባጭ በዚህ ዛፍ ላይ በአብዛኛው አይታይም። ቅጠሉን ከወሰዱበት ባዶ እጁን ይቀራል።

አክስቴ ይህን ስነግራት የመለሰችው መልስ ከእኔ ሳይንስ አያንስም፤ «ጊንጥ ይደበቅበታል፣ ምስጥም ይመጣል።» ልክ ናት። ስለዚህ ተደራደርን። ከበርና ከግድግዳ ርቆ፣ ከዛፉ ሥር ብቻ፣ ዙሪያውን በድንጋይ የታጠረ ክብ ተሠራ። የተጠረገው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ሆኖ ይነጠፋል። ግንዱን ግን አይነካም፤ አንድ ስንዝር ተራርቆ ይቀመጣል፤ አለዚያ ልጡ ይበሰብሳል፣ ምስጡም መንገድ ያገኛል። ድሬ ደግሞ ገራባ የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ከጫት ቤት የሚወድቀውን ፍየሎቹ ካልቀደሙን እሱም ይጨመራል። ፍየሎቹ ከቀደሙን ደግሞ በጠጣቸውን እንወስዳለን፤ ሁለት ሦስት ወር ካሳደርነው በኋላ። ትኩሱ ጨውና አሞኒያ ስላለበት ያው የእኔን ዩሪያ ሥራ ይሠራል። ጉዝጓዙ ላይ ላዩን መተኛት አለበት። ያልበሰበሰ ደረቅ ገለባና እንጨት አሸዋው ውስጥ ቢቀበር፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ለራሳቸው ናይትሮጅኑን ከዛፉ አፍ ይነጥቃሉ።

አመድ ግን አልወድም። ብዙ ግቢ ውስጥ የምድጃ አመድ ዛፍ ሥር ይደፋል፤ ደጋ ላይ፣ አፈሩ በኮመጠጠበት፣ ጥሩ ልማድ ነው። ድሬ ላይ ለመፍረድ ግን አንድ ማንኪያ አቼቶ ይበቃል። አፈሩ ላይ ጠብ ስታደርጉት ሽሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ የአክስቴ አረፋ አወጣ። እንዲህ ያለ አፈር ላይ አመድ መጨመር ኖራን በኖራ ማብዛት ነው። ብረት እያለ የማይሟሟው፣ ፎስፈረስ እያለ ከካልሲየም ጋር የሚቆራኘው በዚሁ ምክንያት ነው። የዛገ ሚስማር መቅበርም አይፈይድም፤ ዝገቱ ራሱ የማይሟሟ ብረት ነው።

ቅጠሉም ይናገራል። ናይትሮጅን በዛፉ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ ሲያጥር ከአሮጌው ቅጠል ተወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚገረጣው የታችኛው፣ ያረጀው ነው። ብረት ግን አንዴ ከገባበት አይነሳም፤ ሲያጥር አዲሱ ቅጠል ነው የሚነጣው፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ። እኔ ዩሪያውን ስነሰንስ የትኛው ቅጠል እንደገረጣ እንኳ አላየሁም ነበር።

በእርግጥ ናይትሮጅን ካነሰው ጥቂት ዩሪያ ኃጢአት አይደለም። አሸዋ ላይ በአንድ ጊዜ በካሬ ሜትር ከ5 ግራም ናይትሮጅን ባይበልጥ ይመረጣል፤ ይህ 11 ግራም ዩሪያ ነው። የቅርንጫፉ ጥላ ከግንዱ እስከ ዳር 3 ሜትር የሚሄድ ዛፍ ካላችሁ፣ ከሥሩ ያለው መሬት 28 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ 300 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የቡና ሲኒ ግድም ይደርሰዋል። እኔ አሁን የምሰጠው የዚህን ግማሽ ነው፤ አንዴ በበልግ፣ አንዴ ክረምቱ ጋብ ሲል፣ ከባድ ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን። ከግንዱ ርቆ፣ ጥላው ከሚያርፍበት ዳር አካባቢና ከዚያም አለፍ ብሎ ይበተናል፤ ሥሩ ከቅርንጫፉ አልፎ ይሄዳልና። ወዲያው አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ በልክ ማጠጣት ነው። በዚያን ጊዜ እኔ ያደረግሁትን አስቡት፤ ሰባት መቶ ግራም ያህል ዩሪያ፣ ከግንዱ ግማሽ ሜትር በማይርቅ ክብ ላይ። ሳሰላው ከወሰኑ ሰማንያ እጥፍ ገደማ ሆነ። ቲማቲም ላይ ጨው ስትነሰንሱ ውኃው እንደሚወጣ ሁሉ፣ ሥሩ መጠጣቱ ቀርቶ የራሱን ውኃ አስረከበ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ኒም ይታዘበኛል። የኒም ፍሬ ዘይት አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩትን ባክቴሪያዎች ያዘገያል። ሕንድ ይህን ይዛ በ2015 እ.ኤ.አ. አገር ውስጥ የሚመረተው ዩሪያ ሁሉ በኒም ዘይት እንዲቀባ አስገድዳለች። ድሬ ውስጥ የኒም ፍሬ በየአስፋልቱ ይረገጣል። ቤት ውስጥ ተወቅጦ ቢጨመር ምን ያህል እንደሚሠራ በልኬት አልሞከርኩም፤ ከጉዝጓዙ ጋር ግን አብሮ ይገባል።

ዛፉ አልሞተም፤ በሁለተኛው ክረምት አዲስ ቅጠል አወጣ። ባለፈው ስሄድ ጉዝጓዙን በጣቴ ገለጥ አደረግሁት። ከላይ ደረቅ፣ ከሥሩ እርጥብ ነው፤ ነጫጭ ክሮች ቅጠሉን ከቅጠሉ ሰፍተውታል። አሸዋው ጠቁሯል፤ ጨብጬ ስለቀው እንደ ድሮው በጣቶቼ መሃል አልፈሰሰም።

አክስቴ አሁንም በጠዋት ትጠርጋለች፤ መጥረጊያዋ ድንጋዮቹ ጋ ሲደርስ ይዞራል። እያወራን ሳለ የጎረቤት ልጅ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቅጠል ተሸክሞ በደጅ ሲያልፍ አየችው። «አቦ ና ወዲህ፣ የት ልትደፋው ነው?» አለችው። ልጁ ግር ብሎት ቆመ። እሷ በሩን ከፍታ መንገዱን ለቀቀችለት።