የሶላት ሰዓት የሚነግረን ስልክ ስለ እኛ ለማን ይነግራል?



ከአብዛኞቻችን ስልክ ላይ አንድ የሶላት ሰዓት አፕ አይጠፋም። አዛን ያሰማናል፣ ቂብላ ያመላክተናል፣ በረመዳን የኢፍጣርን ደቂቃ ይነግረናል። ለዚህ ሁሉ ከኪሳችን ሳንቲም አይወጣም። ታዲያ የሠራተኛውን ደመወዝና የኮምፒውተሩን ኪራይ ማን ይከፍላል? በፈቃደኞች የሚሠሩ ጥቂት አፖች አሉ፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። በሌሎቹ ላይ ግን ሂሳቡ የሚወራረደው በሌላ መንገድ ነው። መንገዱን ማወቅ ይገባናል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ነገሩ በግልጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ነው። ማዘርቦርድ የተባለ የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዜና አውታር፣ ሙስሊም ፕሮ የተሰኘው አፕ የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን ኤክስ-ሞድ ለሚባል ኩባንያ እንደሚልክ አጋለጠ። ሙስሊም ፕሮ መቀመጫው ሲንጋፖር ነው፤ በወቅቱ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል ይባል ነበር። የኤክስ-ሞድ ሥራ ደግሞ ከብዙ አፖች ሎኬሽን ሰብስቦ መልሶ መሸጥ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል ለአሜሪካ መከላከያ የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ነበሩ። ሙስሊም ፕሮ ለጦሩ በቀጥታ ሸጠናል መባሉን አስተባበለ፤ ከኤክስ-ሞድ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደሚያቋርጥም አስታወቀ። ማስተባበያው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። አፑ ለአንዱ ይሰጣል፣ ያ ለሌላው ይሸጣል፣ ሌላው ለሦስተኛው ያስተላልፋል። በመጨረሻ መረጃው ማን እጅ እንደገባ የመጀመሪያው ሰጪ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አፕልና ጉግል የኤክስ-ሞድ ኮድ ከአፖች ውስጥ እንዲወጣ አዘዙ። በቀጣዩ ወር ሰላት ፈርስት የተባለ ሌላ የሶላት አፕ የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ ፕሬዲሲዮ ለሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ሲያቀብል ተገኘ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ኤክስ-ሞድንና እሱን የተካውን አውትሎጂክን እንደ ሃይማኖት ተቋምና ሕክምና ቤት ያሉ ስሱ ቦታዎችን የሚያሳይ ሎኬሽን እንዳይሸጡ ከለከለ። መስጂድ መግባትና መውጣታችን የንግድ ዕቃ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

እንዴት ነው የሚሠራው? አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ኮድ ራሱ አይጽፍም። ለካርታው፣ ለማስታወቂያው፣ ለመልእክቱ ሌሎች ኩባንያዎች ያዘጋጁትን የኮድ ጥቅል ወስዶ በራሱ ውስጥ ይገጥመዋል። ይህን ጥቅል ባለሙያዎች ኤስ.ዲ.ኬ ይሉታል። ቤት የሚሠራ ሰው የብረት በሩን ከበያጅ ቤት አሠርቶ እንደሚገጥመው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ በሩን የሠራው ሰው አንድ ቁልፍ ለራሱ ያስቀራል። ለአፑ «ሎኬሽኔን እይ» ብለን የሰጠነው ፈቃድ ውስጡ ለተገጠመው ጥቅል ሁሉ ይሆናል፤ ስልኩ ለይቶ አይጠይቀንም። ኤክስ-ሞድ በድረ ገጹ ላይ ያቀርበው የነበረው ክፍያ፣ አሜሪካ ውስጥ በቀን 50,000 ተጠቃሚ ላለው አፕ በወር 1,500 ዶላር ነበር። አካፍሉት። ለአንድ ሰው የአንድ ወር ውሎና አዳር 3 የአሜሪካ ሳንቲም ይደርሰዋል።

እያንዳንዱ ስልክ የማስታወቂያ መለያ ቁጥርም አለው። ስም አይደለም፤ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ግን በጨዋታው አፕ፣ በሶላቱ አፕና በአየር ሁኔታው አፕ ውስጥ ያው አንዱ ቁጥር ስለሚታይ፣ ከሦስት ቦታ የተለቀመውን መረጃ አንድ ላይ መስፋት ይቻላል። በዚህ ላይ ጨረታ አለ። ማስታወቂያ ያለበትን ገጽ ስንከፍት፣ ገጹ እስኪጫን ባለችው ቅጽበት ውስጥ «እንዲህ ያለ ስልክ፣ እዚህ አካባቢ ያለ ሰው ገጹን ከፍቷል፤ ማን ስንት ይሰጣል?» የሚል ጥሪ ለብዙ ኩባንያዎች ይላካል። ማስታወቂያውን የሚያሳየው አሸናፊው ብቻ ነው፤ ጥሪውን ግን የተሸነፉትም አይተውታል። የገበያውን ስፋት ለመገመት ያህል፣ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ካገኘው 134 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ውስጥ 131 ቢሊዮን ያህሉ ከማስታወቂያ የመጣ ነው።

ሻጮቹ ሁልጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ስም የለበትም»። ይህን መልስ በሁርሶ እንፈትነው።

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በአሮጌው የባቡር መስመር የምትገኝ፣ ስሟ ብዙ ጊዜ ከወታደራዊ ማሰልጠኛው ጋር የሚነሳ ትንሽ ከተማ ናት። ከጀመዓችን ውስጥ የሁርሶ ልጆች አሉ። አንድ ስልክ አስቡ፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ግቢ ዶርም ውስጥ ያድራል፤ ጁሙዓን ሰግዶ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ አርብና ቅዳሜ ሌሊት ሁርሶ አንድ ቤት ውስጥ ያድራል፤ እሑድ ማታ ይመለሳል። ስም የለበትም። ግን በዓለም ላይ እንዲህ የሚሄድ ስልክ ስንት አለ?

እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የሞባይል እንቅስቃሴ መርምሮ ነበር። የተገኘው ውጤት፣ አንድ ሰው የት እና በስንት ሰዓት እንደነበረ የሚያሳዩ አራት ነጥቦች ብቻ ቢታወቁ 95 በመቶውን ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ነጥሎ ማውጣት እንደሚቻል ነው። ይህ የሚሊዮኖች መረጃ ላይ ነው። ሕዝቡ ሲያንስ ነጥቡም ያንሳል። ለሁርሶ ልጅ ዶርሙና የእናቱ ቤት፣ ሁለቱ ብቻ የሚበቁ ይመስለናል። ከዚያ ወዲያ ስሙን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ የሰፈር ልጅ መጠየቅ ይበቃል። በትልቅ ከተማ ሕዝቡ ራሱ መጋረጃ ይሆናል። የትንሽ ከተማ ልጅ ግን ያ መጋረጃ የለውም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ልጅ ይልቅ እሱን ይነካዋል።

ሶላት ደግሞ ነገሩን ያጠነክረዋል። የአምስት ወቅት ሰጋጅ እንቅስቃሴ ሥርዓት አለው። ሱብሂ ላይ ስልኩ ይነቃል፣ መግሪብ ላይ መስጂድ ይደርሳል፣ ጁሙዓ ቀን በሰባት ሰዓት አካባቢ ከመቶ ስልኮች ጋር አንድ ቦታ ይቆማል። ሃይማኖታችንን ማንም ሳይጠይቀን ከካርታው ላይ ይነበባል። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች በሃይማኖት ነክ ዝንባሌ ሰው መምረጥ ይችሉ ነበር፤ ሜታ ይህን ምርጫ ያነሳው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ነው። ቁልፉ ተነሳ እንጂ መረጃው ጠፋ ማለት አይደለም።

«የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ናታን ሩዘር የተባለ የ20 ዓመት የአውስትራሊያ ተማሪ ስትራቫ የተባለው የስፖርት አፕ ያወጣውን የዓለም ካርታ ሲመለከት፣ በአፍጋኒስታንና በሶሪያ በረሃ ላይ የጦር ሰፈሮች ቅርፅ ደምቆ አየ። ወታደሮቹ በአጥሩ ዙሪያ ሲሮጡ ስልካቸውና ሰዓታቸው ሠርቶት ነው። ካርታው ላይ የአንድም ሰው ስም አልነበረም፤ ከወታደሮቹም ምስጢር ላውጣ ያለ አልነበረም። ማሰልጠኛ ባለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአጥሩ ጥግ ከብት የሚያግድ ልጅ ስልክ ከወታደሩ ስልክ በምን እንደሚለይ መረጃ የሚገዛው ሰው አያውቅም፤ ለማወቅም አይጨነቅም።

መድረሳ የቀራን ሰው ደግሞ ጥያቄውን «የምደብቀው አለኝ ወይ?» ብሎ አይጀምርም። ሱረቱ ኑር አንቀጽ 27 የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅና ሰላምታ እንድናቀርብ ታዝዛለች፤ ሱረቱል ሁጁራት አንቀጽ 12 ተጀሱስን፣ ማለትም የሰውን ውስጥ መሰለልን ትከለክላለች። ሁለቱም የቤቱ ባለቤት ጥፋተኛ ነው ወይስ ንፁህ ብለው አይጠይቁም። ቤቱ ቤት ስለሆነ ብቻ ይከበራል። በንግድ ደርስ ላይም ገረርን ተምረናል፦ የሚሸጠው ነገር ምንነቱና መጠኑ ሳይታወቅ የሚደረግ ውል። አርባ ገጽ የእንግሊዝኛ ውል ሥር «እስማማለሁ» የሚለውን ስንጫን ምን እንደሰጠን፣ ለማን፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ከእኛ የሚያውቅ የለም። ገረር ነው ብለን ፈትዋ አንሰጥም፤ እሱ የዓሊሞቻችን ቦታ ነው። ኡስታዞቻችንን በደርስ ላይ ጠይቋቸው። ጥያቄው የሚገባቸው በቴክኒኩ በኩል በደንብ ካስረዳናቸው ነው፤ ያ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የሶላት አፕ በእርግጥ ትክክለኛ ቦታችንን ይፈልጋል? የሶላት ወቅት የሚሰላው ከቀኑ፣ ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ነው። ድሬዳዋ በ9.6 ዲግሪ ሰሜን፣ በ41.9 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ናት፤ መካ በ21.4 ሰሜን፣ በ39.8 ምሥራቅ። በሉላዊ ትሪጎኖሜትሪ ስናሰላው ቂብላችን ከሰሜን ወደ ምዕራብ 9 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። ሁርሶ ላይ ስናሰላው 8 ዲግሪ ገደማ መጣ። 25 ኪሎ ሜትር ተጉዘን የተለወጠው አንድ ዲግሪ ነው፤ ስልክ ላይ ያለው ኮምፓስ ራሱ ከዚያ በላይ ይሳሳታል። የሶላቱ ሰዓትም እንዲሁ። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ የምታልፈው በ4 ደቂቃ ስለሆነ በድሬዳዋና በሁርሶ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ «ድሬዳዋ» የሚል አንድ ቃል ለአፑ ይበቃዋል። እስከ በራችን ድረስ የሚመጣው፣ ሌሊቱንም ሙሉ የሚከታተለው ለሶላቱ ብሎ አይደለም።

ማድረግ የሚቻለው ከባድ አይደለም። በአፑ ውስጥ ከተማውን በእጅ ምረጡ፤ ከዚያ በስልኩ ሴቲንግ ገብታችሁ የሎኬሽን ፈቃዱን ሙሉ በሙሉ ንሱት። አዛኑ አይቋረጥም። ሎኬሽን የግድ ለሚያስፈልገው አፕ «ስጠቀም ብቻ» የሚለውን ስጡ፤ አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ ያላችሁ ደግሞ ትክክለኛውን ትታችሁ ግምታዊውን መምረጥ ትችላላችሁ። አንድሮይድ ላይ በጉግል ሴቲንግ ውስጥ «ማስታወቂያ» የሚለው ሥር የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን መሰረዝ ይቻላል። አይፎን ያላችሁ አፑ «ልከታተልህ ወይ?» ሲል እምቢ በሉት። አንድ የአንድሮይድ አፕ በውስጡ ስንት መከታተያ እንደተገጠመበት ለማየት ኤክሶደስ ፕራይቬሲ የሚባል የፈረንሳይ በጎ አድራጎት ማኅበር ድረ ገጽ አለው፤ የአፑን ስም መጻፍ ብቻ ነው። ለእጅ ባትሪ የሚሆን አፕ ስልክ ቁጥሮቻችንን ከጠየቀ ግን ድረ ገጽም አያስፈልግ፣ አጥፉት። መከታተያዎቹ የሚልኩት በገዛ ጥቅላችን መሆኑንም አትርሱ፤ ሜጋባይቱን የገዛነው እኛ ነን።

ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 የሙከራ አገልግሎቱን በመጀመሪያ የከፈተው በእኛዋ ድሬዳዋ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ በሁለት መስመር የሚጠቀም ሰው በዝቷል፤ ክፍያችንም መልእክታችንም ወደ ስልክ ገብቷል። ሕጉ ከኋላ ቢመጣም መጥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የስልክ ግንኙነትን ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ እንዲናገርና ለዚያ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል፤ ሃይማኖትን የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥበቃ አለው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአንድ አገር ተሰብስቦ በሌላ አገር የሚሸጠውን መረጃ ከዚህ ሆኖ መከታተል ለባለሥልጣኑም ቀላል እንደማይሆን እናስባለን። ቢሆንም እዚሁ ድሬዳዋ ሱቅ ውስጥ፣ ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ግቢ ውስጥ ቅጽ ሲሰጠን «ይህ ለምን ይጠቅማችኋል?» ብሎ መጠየቅ አሁን መብታችን ነው።

በዚህ አጋጣሚ የራሳችንን ጀመዓም እንመልከት። ለረመዳን ኢፍጣር፣ ለደርስ ምዝገባ፣ ለአዲስ ገቢዎች አቀባበል በኦንላይን ቅጽ ስም፣ ስልክ፣ ዲፓርትመንት፣ የዶርም ቁጥርና የትውልድ ቦታ መሙላት ልማድ እየሆነ ነው። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፋል። የሙስሊም ተማሪዎችን ስምና የሚያድሩበትን ክፍል የያዘ ዝርዝር፣ ማንም በሊንክ የሚገባበት ግሩፕ ውስጥ! የእህቶች ስልክ ቁጥር ከዚያ ተወስዶ ምን እንደሚደረግበት እህቶቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ለኢፍጣር ምግብ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው የሰው ብዛት እንጂ የዶርም ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ለሚቀጥለው የሹራ ስብሰባ ሦስት ነገር እናቀርባለን፦ ቅጾቹ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይጠይቁ፤ የእህቶች ዝርዝር በእህቶች ዘርፍ እጅ ብቻ እንዲቀመጥ፤ ፕሮግራሙ ባለቀ በሳምንቱ ዝርዝሩ እንዲሰረዝ። አስተያየት ያላችሁ ከስብሰባው በፊት አድርሱን። የድሬዳዋን የሶላት ሰዓት አስልተን በአንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተናል፤ ከመግሪብ በኋላ ከመስገጃው በር ላይ መውሰድ ትችላላችሁ፤ የሁርሶ ልጆች አንድ ደቂቃ ደምሩበት።