ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ

ከበደ፣ አበበ፣ ለማ፣ ታደሰ፣ ተሰማ። አምስቱም ግሦች ናቸው። ብዙው የቆየ የወንድ ስማችን በአንድ ቃል የተቋጨ ዓረፍተ ነገር ነውና፣ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ማን ለማን እንደተናገረውም መጠየቅ ያስፈልጋል። ታደሰ ሲባል ብዙ ጊዜ የታደሰው ሕፃኑ አይደለም፤ ቤቱ ነው፣ ወገኑ ነው።

አንዳንዱ ስም ጠላት እንዲሰማው የወጣ ነው። በላቸው ማለት ምታቸው ነው፤ ሰጥአርጋቸው ጸጥ አሰኛቸው። «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ስሙ አይገልጽም፣ ቤተሰቡ ግን ያውቃቸዋል። ይልማና ይርጋ ደግሞ ምኞት ናቸው፦ ይለምልም፣ ይጽና።

የክርስትና ስም መንገዱ ሌላ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ወይም ተክለ ብሎ የሚጀምር ስም ሊሰጠው ይችላል። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. የነገሡበት «ኃይለ ሥላሴ» የክርስትና ስማቸው ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ ግን ከሐዘን በኋላ የሚወጣው ስም ነው። ካሳ የዳኝነት ቃል ነው፤ ለተበደለ ሰው የሚከፈል። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የወለደችውን ካሳ ወይም ካሳሁን ስትለው፣ ተበድዬ ነበር፣ አሁን ተከፈለኝ ማለቷ ነው። ምትኩ የሟቹ ምትክ ነው፤ ተካልኝ የሚለው ስም ደግሞ «ተካልኝ» ብላ ለፈጣሪዋ የምትመሰክርበት። ማስረሻ ሐዘን የሚያስረሳ። የሞተው ሁልጊዜ ልጅ ላይሆን ይችላል፤ ሚስቱ እርጉዝ ሳለች የሞተ አባትም በልጁ ስም ይተካል።

እስቲ ይህን አስቡት። እናት በር ላይ ቆማ ለምሳ ትጠራለች፦ «ምትኩ! ና፣ እንጀራው ቀረበ!» በቀን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። በጠራችው ቁጥር ያኛውንም ትጠራለች። ሰፈሩ ግን አንዱን ልጅ ብቻ ነው ሮጦ ሲመጣ የሚያየው። ማስረሻ የተባለውም ቢሆን፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር የሚረሳ ነገር እንደነበረ ያስታውሳል።

ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን እንጽፋለን። ምትኩ አድጎ ልጁን አበበ ቢለው፣ አበበ ደብተሩ ላይ የራሱንና የአባቱን ስም ጎን ለጎን ያሰፍራል። አያቱ የቀበረችው ሕፃን፣ መልኩን አንድም ቀን ያላየው፣ እዚያው ሽፋኑ ላይ አብሮት ትምህርት ቤት ይሄዳል።