አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የሚደክም የጀልባ ሞተር በስንት ይሸጣል?

የጀልባ ሞተር ገበያ ጠባብ ገበያ ነው። ገዢውም ሻጩም በአብዛኛው በባሕር ዳር፣ በጎርጎራ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በአርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር ያሉ ጀልባ አከራዮች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና ማኅበራት ናቸው። በዚህ ገበያ የሞተርን ዋጋ ባንድ አፍ የሚሰብር ቃል አለ፤ እሱም “ይደክማል” የሚለው ነው።

የሚደክም ሞተር ጠዋት በአንድ ስበት ይነሣል። ከወደቡ ሲወጣም ደኅና ነው። ሩብ ሰዓት ያህል እንደተጓዘ ግን ድምፁ ይወርዳል፣ ጀልባው ይዘገያል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይነቃል። ይህ ጨርሶ ከቆመ ሞተር ይልቅ ነገረኛ ነው። እንግዳ ጭኖ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚቀዝፍ ባለ ጀልባ ደንበኛ ያጣበታል። ጫሞ ላይ፣ “የአዞ ገበያ” በሚባለው ዳርቻ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። (በነገራችን ላይ ደላላ ያልደረሰበት ገበያ ቢኖር ይኸው የአዞው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

ባለቤቱ ሲሰለቸው ሞተሩን በአሮጌ ብረት ሒሳብ ለመሸጥ ይነሣል። ሌላው ደግሞ ያንኑ ሞተር በደኅና ዋጋ ይገዛና ሐይቅ ላይ ያለቅሳል። ሁለቱም የሚከስሩት አንድ ነገር ባለመለየታቸው ነው፤ ሞተሩ የደከመው ከውስጡ ነው ወይስ ከውጭ?

ቤንዚኑ በምን በኩል ያልፋል?

ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ሳይሆን ከሰልባትዮው ነው። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቡሎን አለች። ጭነት ላይ ቤንዚን እንዳይፈስ ትጠበቃለች፤ ሐይቅ ላይ ሲደረስ መክፈቱ ይረሳል። ቤንዚኑ እየተሳበ ሲሄድ የሚተካው አየር ስለማይገባ ሞተሩ እየተራበ ይመጣል። ባለ ጀልባው “ቤንዚን አልቆ ይሆን?” ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ያያል፤ አየር ይገባል፣ ሞተሩም ይነሣል። ሰውዬው ግን ሞተሩ “ስላረፈ” የተሻለው ይመስለዋል። ለዚህች ቡሎን ተብሎ ካርቡሬተር የተፈታበት፣ ለእጅ ዋጋም የተከፈለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከሰልባትዮው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መካከል በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ ኳስ አለ። ሐኪሙ እሱ ነው። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ሳያጠፉ ኳሱን ይጨምቁት። ጉልበቱ ከተመለሰ ነገሩ የቤንዚን እጥረት ነው፤ ኢንጂኑን ለጊዜው ይተዉት። ኳሱ ተመጥጦ ጠፍጣፋ ከሆነ ከኋላው መንገድ ተዘግቷል፤ ወይ ያቺው ቡሎን፣ ወይ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ወንፊት። ቢጨመቅ ቢጨመቅ የማይጠነክር ከሆነ በመጋጠሚያው ወይም በላላ ፋሼታ በኩል አየር እየሳበ ነው፤ አለዚያም የኳሱ የውስጥ ክዳን ሠርቷል፣ አርጅቷል። ኳሱ ጠንክሮ፣ በጨመቁት ቁጥር ብቻ ሞተሩ የሚነቃ ከሆነ ሞተሩ ላይ ያለው የቤንዚን ፖምፓ ላስቲክ ሳይበላ አልቀረም። ቱቦው ራሱም ያታልላል። ከላይ አዲስ መስሎ የውስጥ ሽፋኑ ተልጦ ሊሆን ይችላል፤ በቀስታ ሲሄዱ ቤንዚን ያሳልፋል፣ ሙሉ ሲሰጡት ይዘጋል።

ፊልትሮውን በብርጭቆ ገልብጦ ማየትም ደግ ነው። በጀሪካን ተገዝቶ ሐይቅ ዳር ያደረ ቤንዚን ውስጥ ውኃ አይጠፋም፤ ውኃው ከሥር ተለይቶ ይታያል።

ሲሞቅ የሚጠፋው

መጨመቁ ካልረዳ ወደ ኤሌክትሪኩ መሄድ ነው። ቦቢና ቀዝቃዛ ሳለ ደኅና እሳት ሰጥቶ፣ ሲሞቅ ሊያቋርጥ ይችላል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አንዱን እሳት ሲያጣ በግማሽ ልቡ ይጎተታል፤ ከቆመና ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይሠራል። ምርመራው መደረግ ያለበት በደከመበት ሰዓት እንጂ ጋራዥ ደርሶ ከቀዘቀዘ በኋላ አይደለም። ካንዴላ አውጥቶ እሳት ማየት ለሚያውቅ መካኒክ የሚተው ነው፤ የቤንዚን ሽታ ባለበት ጀልባ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሙቀቱም ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ ፕሮፔለር መጠምጠሙ ብቻ ሳይሆን ውኃ የሚገባበትን ወንፊት ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው የውኃ ክር ከቀጠነች ወዲያው ማጥፋት ነው። አዳዲሶቹ ሞተሮች ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳሉ፤ አሮጌዎቹ ዝም ብለው ይነክሳሉ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ጀልባው ከዘገየ ግን ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ የፕሮፔለሩ የመሐል ጎማ እየተንሸራተተ ነው።

ከፍታን ከዚህ ጋር አለማምታታት ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ ወደ 33 ይጠጋል። ይህ ድካም ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው፤ መጥቶ የሚሄድ አይደለም። መፍትሔውም በአንድ ዙር አጠር ያለ ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ነው።

ለገዢ የምንለው፣ ስታንድ ላይ ተሰቅሎ ለሁለት ደቂቃ በሚጮህ ሞተር አይደሰቱ። ያለ ውኃ ማስነሣቱ የውኃ ፖምፓውን ጎማ ያቃጥላል፤ የሚደክም ሞተርም በሁለት ደቂቃ አይደክምም። ቀድመው በእጅዎ ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሰው ጭነው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጉልበት ይንዱት። ሌላ ሰልባትዮና ቱቦ ይዘው ይሂዱ። በባለቤቱ ቱቦ ደክሞ በእርስዎ ቱቦ ካልደከመ የሚገዙት ጤነኛ ሞተር ነው፤ ዋጋው ግን ገና የሕመምተኛ ነው። ሻጭ የሆኑ እንደሆነ ይህንኑ ሙከራ ደላላ ከመጥራትዎ በፊት ያድርጉት።